«ብዪ እንጂ!» ያልኳት ቀን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትወዱት ሰው ከከባድ ህመም ተርፎ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ምን ታደርጉለታላችሁ? ታበሉታላችሁ! እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጥፋታችንም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ታላቅ እህቴን የደም ካንሰር ይዟት ነበር። ሐኪሞች «የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል» አሉ። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ህንድ ሄድን። አንድ ወንድም ወይም እህት ለዚህ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። ለተከታታይ ቀናት መርፌ ወጉኝ፤ አጥንት አጥንቴን ሲቆረጥመኝ ከረመ። ከዚያ ደሜ በማሽን ውስጥ እየዞረ፣ ደም የሚሠራው ህዋስ ተለይቶ ተወሰደ። ስቴም ሴል የሚሉት እሱን ነው። ለእህቴ ልክ እንደ ደም በመርፌ መስመር ገባላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነቀምቴ ገባን። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱን ሁሉ ተኝታ ጨረሰችው። ቤታችን ሠርግ መስሎ ጠበቀን። ከጊምቢ፣ ከባኮ፣ ከሻምቡ ዘመድ መጥቷል። በቅቤ የራሰ ጩምቦ፣ ዶሮ፣ ማር … እናቴ «ኛዱ! ኛዱ!» እያለች ታጎርሳታለች። እህቴ ትቀበላለች፣ ታላምጣለች፣ «ጠገብኩ» ትላለች። ከዚያ ትተኛለች። ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀመረ፦ «ድናለች አላላችሁም እንዴ? ታዲያ ምን ያስተኛታል? አመል እንዳይሆንባት!»

አንድ ምሽት ከጓሮ ደረስኩባት። ለካስ ጉርሻውን በመሐረብ እየቋጠረች ለውሻው ትጥል ኖሯል!

ደሜ ፈላ። «እኔ መቅኔዬን ሰጥቼሽ፣ አንቺ አንድ ጉርሻ መዋጥ ያቅትሻል? ብዪ እንጂ!» አልኳት። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

አልጮኸችብኝም። «ስጋው ብረት ብረት ይለኛል፤ እንጀራው አፈር ነው። የምቀበላት እማዬ እንዳታለቅስ ብዬ ነው። የሰጠኸኝን ይዤዋለሁ እኮ … ዕዳ አታድርግብኝ» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ አዲስ አበባ ለሚከታተላት ሐኪም ደወልኩ። አመልም ስንፍናም እንዳልሆነ አስረዳኝ። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኃይለኛ መድኃኒት የታመመውን መቅኔ ሲያጠፋ፣ የአፍንና የአንጀትን ልባስ፣ የምላስንም ጣዕም ይጎዳል። ጣዕም ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ድካሙ ደግሞ እንቅልፍ ብቻውን የሚያወጣው አይደለም፤ አዲሱ መቅኔ ቀስ እያለ ሥራውን ሲጀምር ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመትም በላይ ይቆያል።

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሕግ ተለወጠ። በትልቅ ሰሃን ማቅረብ ቀረ፤ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ሆነ። ውሃና አጥሚት ሆዷን ቀድመው እንዳይሞሉት በምግብ መሃል ሳይሆን በምግብና በምግብ መካከል። ሽታው እንዳያቅለሸልሻት ቁሌት የሚቁላላው እሷ ግቢ ስትወጣ ነው፤ ምግቡም ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል። የብረት ማንኪያ በእንጨት ተተካ። አፏ እስኪድን በርበሬ ተከለከለ። መከላከያዋ ገና ደካማ ስለነበር ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ ቅጠላ ቅጠል ከቤት ጠፋ፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በሩ ላይ ሰላም ብሎ ይመለሳል። «ያሽራል» ተብሎ የመጣውንም የባህል መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቀው አናስነካትም አልን። ከኪኒኖቿ ጋር ሊጣላ ይችላላ!

ለድካሙ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ ደጃፍ፣ ቀጥሎ እስከ ማንጎው ዛፍ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ መራመድ። ሲደክማት ማረፍ። የሚበረታታው ገላን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ነው፤ መተኛት ብቻውን ጡንቻን ያልፈሰፍሳል።

ከሁሉ የከበደው ዝም ማለት ነበር። እናቴ ሰሃኑን አስቀምጣ ሳትለምን ወጥታ መሄድን ስትማር ብታዩ! በር ጥግ ቆማ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም።

አንድ ቀን እህቴ ራሷ «አንጮቴ አለ?» አለች። አንጮቴ የወለጋ ሰው በመስቀል የሚመገበው፣ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው። እናቴ ቀቀለችው፣ ላጠችው፣ ትንሽ ቅቤ ጣል አደረገችበት። እህቴ ሦስት ቁራጭ በላች። ሦስት! ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ጓሮ ወጥቼ ውሻውን አቅፌ አለቀስኩ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ ምክሬ አጭር ነው። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ውሃ እንኳ ካልረጋለት፣ ወይም ክብደቱ እየወረደ ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪሙ ጋ። ከዚያ ውጪ ግን ጉርሻችሁን ቀንሱ። ጉርሻ ፍቅር ነው ይባላል፤ በግድ ሲሆን ግን የሚውጠው የእናንተን ጭንቀት ነው።

እህቴ ዛሬ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፤ በርበሬውንም ታርቃዋለች። «ዕዳዬን ከፈልኩህ?» ብላ ትቀልድብኛለች። እኔም መልሴ አንድ ነው … ዱሮም አልነበረብሽም።