ከወለል የተረፈ ጣውላ

የሚተርፍ ነገር ሁሉ የሚጣል አይደለም። ይህንን ቃል ስንጽፍ አንባቢዎቻችንን ለማስተማር ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤታችን ተምረንበት የተገሠጽንበት ነገር ስለ ሆነ ነው እንጂ።

እኛ የምንኖረው በመንዝ፥ በመሐል ሜዳ ነው። አገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ፥ ብርዱ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይወጣል። ወላጅ እናታችን ዕድሜያቸው ገፍቶ የጉልበት ሕመም ስለ ጸናባቸው፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚተኙበትን ክፍል ወለል በጣውላ ልናለብስ ቈረጥን። የባሕር ዛፍ ጣውላም ከደብረ ብርሃን አስመጣን፤ አናጢውም ጣውላውን ወንድና ሴት እያደረገ እርስ በርሱ አጋጥሞ ወለሉን በአራት ቀን ጨረሰው። እናታችንም በባዶ እግራቸው ረግጠውት፥ «ዛሬ እግሬ ከመቃብር ወጣ» ብለው መረቁን።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ሃያ የሚያህል ቍርጥራጭ ተረፈ። አናጢው ለማገዶ ይሁን አለ። እናታችን ግን፥ «በዚህ አገር ኩበት እየነደደ እንጨት በከንቱ አይቃጠልም» ብለው ከአልጋቸው ሥር አስቀመጡት። ነገራቸው እውነት ነበር። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት፥ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፥ ለብዙ ዓመት እየዘጋ በጊዜው እየከፈተ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬም ጓሳ በኅብረተሰቡ ተጠብቆ ይኖራል። ሣርን እንዲህ የሚጠብቅ ሕዝብ ጣውላን እንዴት ያቃጥላል?

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። በልጅነታችን መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደልና መልእክተ ዮሐንስ፥ ዳዊትም ተምረን፥ ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ነበር። በዚያ አንድ መምህር በብረት ቀስት ላይ የተወጠረ፥ እንደ ክር የቀጠነ ጥርሳም ስለት ባለው መጋዝ እንጨትን እንደ ጥልፍ መቍረጥ አስተማሩን። ይህ ሥራ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የመዝናኛ ጥበብ ሆኖ የተስፋፋ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተሠሩት በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በሰገነታቸው ጠርዝ የሚታየው የጣውላ ጥልፍም የዚሁ ዘመድ ነው። እኛም ሥራውን እጅግ ወደድነው፤ ሲያስመርቁንም መምህሩ አንዱን መጋዝ ሰጡን። አንዲት የእንጨት ርግብ ሠርተን ወደ ቤት ይዘን በገባን ጊዜ ግን አንድ ዘመዳችን፥ «የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ጠይብ ሆኖ መጣ» ብሎ ሰው ሁሉ ሣቀብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዙን በሣጥን ቈልፈን፥ ብዕር ይዘን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንን።

የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ያንን ሣጥን አንድ ቀን ከፍቶ መጋዙን አገኘው። ምን እንደ ሆነም ጠየቀን። እኛም ሳንወድ አሳየነው፤ የስለቱ ጥርስ ወደ እጀታው ማለት ወደ ታች እንዲያይ፥ እንጨቱም አፉ እንደ ሹካ በተከፈለ ሰሌዳ ላይ ተደግፎ በግራ እጅ እንዲጫን፥ ስለቱም እንዳይግል አልፎ አልፎ በሰም እንዲታሽ ነገርነው። ከዚያ በኋላ ከእናታችን አልጋ ሥር ያለውን ጣውላ አንድ ባንድ ይወስድ ጀመር።

የሚሠራው ምን እንደ ሆነ ሳንመረምር፥ አንድ እሑድ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የመጋዙ ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። ከእንግዶቹ አንዱ፥ «አናጢ አስገብታችኋልን?» ሲል ጠየቀ። እኛም አፍረን ልጁን ጠርተን በሰው ፊት፥ «መጋዙን አስቀምጥ፤ የሰው መሣቂያ አታድርገን» አልነው። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ መጋዙን በፊታችን አኑሮ ወጣ። ለሦስት ሳምንት ያህልም ከ«እሺ፥ አባባ» በቀር አልተናገረንም።

በዚያው ወራት የሰባት ዓመት ሴት ልጃችን ፊደል መለየት አቅቷት ነበር። ለን ከሰ፥ በን ከሰ ትቀላቅላለች። መምህርቷ ወደ ላይኛው ክፍል እንደማታልፍ ላኩብን። እኛም በሥራ ደክመን በገባን ማታ ገበታውን ዘርግተን በስንደዶ እየጠቈምን፥ እኛ በልጅነታችን እንደ ተማርነው በዜማ እናስቈጥራታለን። ዜማውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፊደሏን ግን አታውቃትም። አንድ ማታ ትዕግሥታችን አልቆ «ደንቆሮ» አልናት። ይህንን ቃል መጻፍ ያሳፍረናል፤ ግን የሰውን ቃል ሁሉ ሳያጐድል የሚመዘግብ ጸሐፊ የራሱን ቃል ሊሰውር አይገባውም።

ከዚህ በኋላ በአንድ ሌሊት ከእናታችን ክፍል የሚያንሾካሹክ ድምፅ ሰምተን ቀስ ብለን ገባን። እናታችን በአልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጃችን በጣውላው ወለል ላይ ዐይኗን ጨፍና፥ አንድ የእንጨት ፊደል በጣቷ እየዳሰሰች፥ «ይቺ በ ናት፤ ሁለት እግር አላት» ትላለች። ወንድሟ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቅንጣቢ እንጨት ሰጥቷት በፊደሏ ወገብ ብታስጠጋ ቡ፥ በቀኝ እግሯ ጫፍ ብታስጠጋ ቢ፥ በቅንጣቢው ፈንታ ትንሽ ቀለበት ብታስቀምጥ ቤ እንደሚሆን ያሳያታል። ረ በደረሰች ጊዜ ቅንጣቢዋ በወገቧ አልስማማ አለች፤ ልጁም፥ «ረ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ለብቻዋ ትጠናለች» አላት። ልጅቱም፥ «እንግዲያው ረ እኔን ትመስላለች» ብላ ሣቀች።

እኛ በደጃፍ ቆመን ቀረን። ልጁ ይቈርጠው የነበረው ይህ ነበር። እኛ በከለከልነው ቀን ሀ ብሎ ጀምሮ በ ላይ ደርሶ ነበር። እናታችንም ዐይተውን፥ «የከለከልከውን ነገር እይ፤ ሣቁብህ ብለህ ርግቧን የጣልህ ቀን እኔ ነበርሁ ያነሣኋት» አሉን፤ ከትራሳቸውም ሥር ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራናትን ርግብ አወጡ። አንድ ክንፏ ተሰብሯል።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ስንሄድ አንድ ነገር አሰብን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው ጠይብ፥ ቀጥቃጭ፥ ሸማኔ እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኛ በሕግ ቤት የምንኖር ሰዎች ያንን አዋጅ ከመቶ ዓመት በኋላ በገዛ ጓዳችን አፈረስነው። ስለዚህም በማታ ልጁን ጠርተን፥ እንግዶቹም ባይኖሩ እናቱና አያቱ ባሉበት፥ ይቅርታ ጠየቅነው፤ መጋዙንም በእጁ መለስንለት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «አባባ፥ የመ ዐይኖች ሁለት ናቸውና በትክክል አልወጡልኝም፤ እርስዎ ይሣሉልኝ» አለን። ከዚያች ማታ ጀምሮ እኛ በእርሳስ እንጽፋለን፥ እርሱ ይቈርጣል።

ይህንን ሥራ በቤቱ ሊሞክር ለሚወድ አንባቢ የተማርነውን እንነግረዋለን። ከወለል የተረፈ ጣውላ በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የደረቀ ስለ ሆነ፥ አዲስ እንደ ተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፥ አይሰነጠቅምም። አስቀድሞ ምስማር እንዳይኖርበት ይመርመር፤ የሚጋጠመው ወንድና ሴት ጠርዝም ተቈርጦ ይውጣ። የወለል ጣውላ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ በመላጊያ ይሳሳ፤ አለዚያ ስለቱ ይሰበራል። ቫርኒሽ የተቀባ እንደ ሆነ ትቢያው ለሳንባ አይበጅምና አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈን። እንደ ዐ፥ ወ፥ ቀ ያሉ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ፊደሎች መጀመሪያ በመብሻ ይበሱ፤ ስለቱም ከቀስቱ ተፈትቶ በቀዳዳው ገብቶ እንደገና ይወጠር። የፊደሉ እግር የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይውረድ፤ ጭረቱን አቋርጦ የተቈረጠ ቀጭን እግር በልጅ እጅ ወዲያው ይሰበራል። ከሁሉም በላይ መጋዙን ማስቸኰል አይገባም፤ በግድ የተገፋ ስለት ከመሥመሩ ይወጣል። ይህ ነገር ለልጅ አስተዳደግም የሚስማማ መሆኑን እኛ ዘግይተን አወቅን።

ከ33ቱ የፊደል አርእስት 27ቱ ተቈረጡ፤ ጣውላውም በጠ ላይ አለቀ። ሌላ እንገዛለን ብለን ስንመክር ሴት ልጃችን ገበታውን አምጥታ፥ ከጨ እስከ ፐ የቀሩትን ስድስቱን ያለ ስንደዶ፥ ያለ ዜማም፥ እየነጠለች አነበበችልን። ፐ ላይ በደረሰች ጊዜ ወንድሟን እንጂ እኛን አላየችም፤ የሚገባውም እንዲሁ ነበር።

ርግቧን ከስብራቷ ልናድናት ወደን ለልጃችን ሰጠነው። የሚበቃ ቍራጭ እንጨት ግን በቤት አልነበረም። እናታችንም ከትራሳቸው ሥር ደግሞ የጣት ርዝመት የምታህል አንዲት የወለል ቍራጭ አወጡ፤ «ይቺን ለዚህ አስቀርቻት ነበር» አሉ።