ስለ ወፍራም ዘይት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ የወንድሜ ልጅ በቅርቡ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባባ፣ በሞተሩ ዘይት ላይ ያንን ማር የመሰለውን ወፍራም መድኃኒት ልጨምርበት ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለመካኒክ የሚቀርብ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን አርባ ዓመት ያህል ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስሆን፣ ስለዚህ ነገር የማውቀው ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን በገዛ አንደበቴ የሠራሁትንም ጭምር ስለ ሆነ፣ መልሱን በአንድ ቃል ልጨርሰው አልቻልሁም።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ማታ ማታ መብራት የሚሰጥ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ነበረ። ሞተሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ መምህር በየጧቱ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘው ጠብታውን በሁለት ጣታቸው መካከል ያሹት ነበር። «ዘንጉ የሚነግራችሁ ዘይቱ ስንት እንደ ሆነ ነው እንጂ ምን እንደ ሆነ አይደለም» ይሉን ነበር። እኛ ግን ልጆች ነንና የምንጠብቀው ጨርቁን የሚያጥብ ማን ተብሎ እንደሚታዘዝ ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው የዘይት ሥራ ብረትን ማለስለስ ብቻ ይመስለዋል። በ1883 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢቻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሚሽከረከር ዘንግ በሚሸከም ብረት ላይ ሙከራ ሲያደርግ፣ ዘይት ማጠጫ ይሆናል ብሎ በበሳው ቀዳዳ ዘይቱ ወደ ታች መግባቱን ትቶ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ አወጣው። በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ ገለጠው። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጐተተ ወደ ጠባቡ ሥፍራ ያስገባዋል፤ በዚያ የሚፈጠረውም ግፊት ሸክሙን ተሸክሞ ዘንጉን ያንሳፍፈዋል። እንግዲህ ጤነኛ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ኮሎው በብሮንዚኑ ውስጥ በዘይት ላይ ይዋኛል እንጂ ብረት ብረትን አይነካም ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ዘይቱ በወፈረ ቍጥር ሞተሩ ይጠቀማላ» ማለቱ አይቀርም። እውነትም ዘይት ከመጠን በላይ ሲቀጥን ዘንጉ ይሰምጣል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲወፍር በጠባቡ መንገድ ፈጥኖ አያልፍም፤ ሞተሩም ኃይሉን ዘይቱን በመፍጨት ይጨርሳል። ዘይት ደግሞ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወስድ ነውና፣ ካላለፈ አያቀዘቅዝም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የማለዳው ሰዓት ነው። ደሴ ላይ በብርዱ የተነሣ ሞተር ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ ብረቱ ከብረቱ ጋር ይፋቃል። ተርቦ ያለውማ ይበልጥ ይጐዳል። ወፍራም ዘይት በፊልትሮው ማለፍ ሲያቅተው መተላለፊያ በሩ ይከፈትና ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

በበርሚሉ ላይ 15 ደብሊው 40 ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር እንዲያው ለጌጥ አልተጻፈም። የፊተኛው ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። ሠሪው ሞተሩን ሲሠራ የብሮንዚኑን ክፍተት በዚሁ መጠን ለክቶታል። በዘይቱም ውስጥ ጥላሸትን የሚበታትኑ፣ አሲድን የሚያረክሱ፣ ብረትን ከመፋቅ የሚጠብቁ ቅመሞች በልክ ገብተውበታል። ወፍራሙ መድኃኒት ግን በአብዛኛው ከባድ ዘይትና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ሠላሳ ሊትር በሚይዝ ሞተር ስድስቱን ሊትር በዚህ ብትተካው፣ እነዚያን ቅመሞች እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ ቀነስህ ማለት ነው። ወጥን በውሃ ማብዛት እንደ ማለት ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ጨውና በርበሬው ግን አልጨመረም።

ሹፌሮች «የአፋር በረሃ ዘይት ያቀጥናል» ይላሉ። ከነገሩ ጥቂት እውነት አለበት። ነገር ግን የሞተሩን ሙቀት የሚወስኑት ይልቁንም ጭነቱና ማቀዝቀዣው ናቸው። ሙቀቱ የሚያስጨንቅ ቢሆን እንኳ የሞተሩ መጽሐፍ ለሞቃት አገር የፈቀደውን፣ ለምሳሌ 20 ደብሊው 50ን፣ ቅመሙ እንደ ተሟላ መግዛት ይቻላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ከቶ አይጠቅምም ወይ? ይህን ብል እዋሻለሁ። ፋሻው ያለቀ፣ ብሮንዚኑ የሰፋ አሮጌ ሞተር ሲጨመርበት ጭሱ ይቀንሳል፤ ማንኳኳቱ ይሰወራል፤ ዘይት መጠጣቱም ለጊዜው ይረግብ ይሆናል። በመንገድ የተቸገረ ሰው ጭነቱን አገር ለማግባት ቢጠቀምበት አልነቅፈውም። ያለቀው ብረት ግን አይመለስም። በአሜሪካ አገር ይህን የመሰለ ማወፈሪያ የሚሸጠው ኤስ ቲ ፒ የተባለው ኩባንያ፣ የዘይት ፍጆታን ይቀንሳል ብሎ ባስነገረው ማስታወቂያ ምክንያት በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 500,000 ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማምቷል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

በ1996 ዓ.ም. እኔና ታናሽ ወንድሜ በኅብረት የያዝነው አንድ አሮጌ ፊያት 682 ነበረን። ይህ መኪና ጽኑ መኪና ነው፤ በአሰብ መንገድ ብዙ ቤተ ሰብ አሳድጓል። በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ በጅቡቲ በኩል በጋላፊና በሚሌ ሲመላለስ ቆየ። እኛ ግን ከጭነቱ ገንዘቡን እየወሰድን ለሞተሩ የሚገባውን ሳንሰጠው ብዙ ዓመት ነዳነው። በመጨረሻ ማንኳኳት ሲጀምር ወንድሜ «ወንድም ጋሼ፣ ሳይብስበት እንሽጠው» አለኝ፤ እኔም ተስማማሁ።

ገዢ በሚመጣበት ዕለት ጧት ወንድሜ ወፍራሙን መድኃኒት በብዛት ገለበጠበት። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጸጥ ብሎ ነበር። በፊት ወደ ታች ያዘነብል የነበረው የዘይት ግፊት መለኪያም ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ይህ መለኪያ ምን እንደሚለካ ለተማሪዎቼ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ፖምፓው የሚገፋው ዘይት በጠባቡ መንገድ አላልፍም ሲል ግፊቱ ይጨምራል፤ የተረፈውም በመልቀቂያው በር ወደ ኮፓው ይመለሳል። ስለዚህ መርፌው ከፍ ማለቱ ብዙ ዘይት አለፈ ማለት አይደለም፤ መንገዱ ጠበበ ወይም ዘይቱ ወፈረ ማለትም ይሆናል።

ገዢው ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ተገኘ። አባቱ ከሸጡት መሬትና ከብድር ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጥቶ ነበር። መኪናውን ዞሮ ካየው በኋላ ወንድሜን ትቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው?» አለኝ።

እኔም «የዘይት ግፊቱን ራስህ አየህ አይደለም እንዴ?» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ቃል ሐሰት አልነበረም። አይቶታልና። ሌሊቱን በአልጋዬ ላይ ሆኜ ራሴን ያጽናናሁትም በዚሁ ነበር፤ አንዲት ቃል አልዋሸሁም እያልሁ። ነገር ግን ልጁ የጠየቀኝ ስለ መርፌው አልነበረም፤ መርፌውን ማንበብ እንደማይችል አውቆ የሚያነብለትን ሰው ነበር የጠየቀው።

አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጭነት ይዞ ከሚሌ ወደ ባቲ ሽቅብ ሲወጣ ብሮንዚኑ ቀለጠ፤ ኮሎውም ተበላ። መኪናው ተጐትቶ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገባና እዚያው ክረምቱን ከረመ። ወሬውን የነገረኝ ረዳቱ ነው እንጂ ልጁ ራሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሊወቅሰኝ አልመጣም። ወንድሜ «ሽያጭ ሽያጭ ነው፤ አይቶ ገዝቷል» ብሎ እንቢ አለ። እኔ ከድርሻዬ 6,000 ብር በሦስት ጊዜ ከፍዬ ወሰድሁለት። ሦስቱንም ጊዜ ቆጥሮ ተቀበለኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ቡናም አፈላልኝ። ለምን እንደ ሰጠሁት ግን ሁለታችንም አላነሣንም። ማንሣት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ።

ለወንድሜ ልጅ ከላይ ስለ ሞተሩ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። ዘይት የሚጠጣ ከሆነ በየት በኩል እንደሚጠጣ በመካኒክ እንዲያስመረምር፣ መጽሐፉ ያዘዘውን ዘይት በጊዜው እንዲለውጥ መከርሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና፣ «ልሸጠው ነው እኮ አባባ» አለኝ። በዚያን ጊዜ ይህን ታሪክ ያለ አንዳች ማሳመር አጫወትሁት። አባቱ ያለበት ነገር ነውና መናገሩ ቀላል አልነበረም። ልጁ መሬት መሬት እያየ ሰማኝና ሳይመልስልኝ ሄደ፤ መኪናውንም እስካሁን አልሸጠውም።

ያን ተማሪዬን ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ጠጕሩ ሸብቷል። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቀድሞ «ጋሼ» ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን «አቶ» ብሎ ስሜን ጨምሮ ጠራኝ።