የእኅታችን አጥር

ከአምቦ በስተ ምዕራብ ጥቂት እንደ ተሄደ፥ በጉደር ከተማ ዳር፥ ወላጆቻችን የተዉልን የጓሮ መሬት አለ። አባታችን ካረፉ በኋላ ይህን ጓሮ እኛና ታናሽ እኅታችን ስንካፈል የሰፈሩ ሽማግሎች ገብተው አከፋፈሉን። የለኩትም በገመድ ነበር። አንድ መቶ ሜትር የሆነ ገመድ ይዘው በመንገዱ በኩል ያለውን ድርሻ ዙሪያውን ከበቡት፤ ገመዱ ልክ ሆነ። በጅረቱ በኩል ያለውንም እንዲሁ ከበቡት፤ ገመዱ አልተረፈም፥ አላነሰምም። «እንግዲህ እኩል ነው፤ ይባርክላችሁ» ብለው መረቁን። የመንገዱን በኩል እኛ ወሰድን፥ የጅረቱን እኅታችን። እርስዋም አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሁለት ዓመት ያህል አልፎ፥ የእኅታችን ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣ። ትምህርቱ ብዙ ጎን ያላቸውን ቅርጾች ዙሪያ ስለ ማግኘት ነበር። ጎኖቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ አንዱን ለክቶ በጎኖቹ ቁጥር ማባዛት እንደሚበቃ ነገርነው። ለምሳሌም የአዲስ አበባውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል አነሣንለት። ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የተሠራው ይህ ሕንፃ ስምንት ማዕዘን ነውና፥ ጎኖቹ እስከ ተካከሉ ድረስ ዙሪያውን የሚሻ ሰው ሁሉን እየለካ አይደክምም፤ የአንዱን ጎን ልክ ስምንት ጊዜ ይወስዳል። ጎኖቹ የማይተካከሉ ሲሆኑ ግን አቋራጭ የለም፤ እያንዳንዱን ለክቶ መደመር ነው።

ልጁም «አጎቴ፥ የጓሮአችንን ላስላው» ብሎ ሄዶ ለካ። የእናቱ ድርሻ ርዝመቱ 40 ሜትር፥ ወርዱ 10 ነው፤ አራቱ ጎኖች ሲደመሩ 100። የእኛው በየጎኑ 25 ነው፤ አራት ጊዜ 25፥ እርሱም 100። ሽማግሎቹ አልተሳሳቱም ብለን ደስ አለን። ልጁ ግን ስፋቱንም አስልቶ ኖሮ፥ የእናቱ 400 ካሬ ሜትር፥ የእኛ 625 ሆኖ ተገኘ። ዝም ብሎ ደብተሩን ወደ እኛ አዞረው።

ውድ አንባብያን፥ ገመዱ የሚነግረን ለአጥር ምን ያህል እንደሚፈጅ ነው እንጂ ምን ያህል ድንች እንደሚተከልበት አይደለም። መሬቱ እየጠበበና እየረዘመ በሄደ ቁጥር በዚያው ገመድ ውስጥ የሚገባው ያንሳል፤ 49 በ1 ቢሆን ዙሪያው ያው መቶ ነው፥ ስፋቱ ግን 49 ብቻ። አባቶቻችን በቀላድ ሲለኩ የሚቆጥሩት ጋሻ እንኳ፥ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆነው፥ የስፋት ልክ እንጂ የዙሪያ ልክ አልነበረም። ሽማግሎቹን አንወቅስም፤ ልባቸው ቅን ነበረ። እኛ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ድርሻችን እንደሚበልጥ ዓይናችን እያየ ገመዱን ምስክር አድርገን ዝም ብለን ነበር።

በማግሥቱ ወደ እኅታችን ሄድን። ሁለቱ ድርሻዎች በአንድ በኩል ጫፋቸው ተካክሎ በእኛ የ25 ሜትር ጎን ይዋሰናሉ፤ ስለዚህ ወሰኑ አራት ሜትር ተኩል ወደ እኛ ቢገባ የእያንዳንዳችን 512 ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል። እርስዋም ሰምታ «ወንድም ጋሼ፥ እኔ ያን ዕለት አውቄው ነበር፤ ጎመን የምተክልበት መሬት መጥበቡን አጥቼው ነው?» አለችን። ለምን እንዳልተናገረች አልጠየቅናትም።

አጥሩ ተነቅሎ በአዲሱ ወሰን ሊተከል ሲል ግን ሌላ ጉዳይ ተነሣ። የእርስዋ መሬት አሁን ስድስት ጎን ያለው፥ ጎኖቹም የማይተካከሉ ሆኖአል። ልጁ አንድ በአንድ ደመረው፤ 40፥ 14.5፥ 25፥ 4.5፥ 15፥ 10፤ ድምሩ 109 ሜትር። የእኛ 91 ነው። መሬቱ ሲተካከል አጥሩ ተበላለጠ። እኅታችን «እንግዲህ የባሕር ዛፍ አጣና ሊጨርሰኝ ነው» ብላ ሳቀች። ልዩነቱ 18 ሜትር ነው፤ ብንካፈለው ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሰናል። የዘጠኙን አጣና ገዝተን በጅረቱ በኩል እኛው አቆምነው፤ የቀረውን ልጁ ከእናቱ ጋር ጨርሶታል።