የአይሮፕላኑ ሆድ

ውድ አንባቢ፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ ከወጣ በኋላ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ቢጠየቅ አንዱ ካርታ፣ ሁለተኛው ኳስ፣ ሦስተኛው ቡና ቤት ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ጥቂት አፍራለሁ። ምክንያቱም በመቐለ ከተማ በአያቴ ጓሮ አንዲት ክፍል ይዤ የምኖር፣ ሚስት ለማግባት ዕድሜዬ የደረሰ ሰው ስሆን፣ ማታ ማታ የምሠራው ትንንሽ የጦር አይሮፕላን ከእንጨት እየቀረጹ ቀለም መቀባት ነው።

ጓደኞቼ «የልጅ ጨዋታ» ይሉታል፤ እኔም አልከራከራቸውም። ነገር ግን ይኸው የልጅ ጨዋታ አንድ ቀን ያላሰብኩትን ትምህርት ስለ ሰጠኝ፣ እርስዎም ቢሰሙት አይጠሉትም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ደመወዝ ተቋርጦ፣ ባንክም ተዘግቶ ነበርና ለቢሮ ሰው የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። በጥቅምት ወር ከተማችን ከአየር በተደበደበች ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ እኔም ግድግዳ ሥር ተጠግቼ ሰማይ ሰማዩን ሳይ ሰነበትኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የዋንዛ ቁራጭና ቢላዋ ይዤ ተቀመጥኩና ሳላስበው ክንፍ ቀረጽኩ። ለምን እንዳደረግሁት ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬ ሳስበው ግን ሰው የፈራውን ነገር በመዳፉ ሲይዘው የሚያንስለት ይመስለዋል።

መሣሪያዬ ብዙ አይደለም። ስለታም ቢላዋ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ ስንጥቅ መድፈኛ ስቱኮ፣ ቀለም ማቅጠኛ አኳራጃ፣ ሁለት ቀጫጭን ፔኔሎ፤ ይኸው ነው። እነዚህን ቃላት አናጢውም ቀለም ቀቢውም እንደ አፍ መፍቻው ያውቃቸዋል፤ ስቱኮውን፣ አኳራጃውን፣ ፔኔሎውን ግን ይዞልን የመጣው ጣልያን ነው። እንግዲህ ያ ሰው ቦምቡን ጥሎብን ሲሄድ ፔኔሎውን ትቶልናል ማለት ነው።

አሁን የምነግርዎት ስለ አንድ አይሮፕላን ነው። ስሙ ብሌንሃይም ይባላል። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ኩባንያ የሠራው ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ያህል ይሆናል። ሞዴል ሠሪዎች አዘውትረው በሚጠቀሙበት በ1 ለ72 ልክ ሲቀነስ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ከእንጀራ እኩሌታ አይበልጥም። ከብዙ አይሮፕላን መካከል እሱን የመረጥኩበትን ምክንያት ኋላ ይደርሱበታል።

የጦር አይሮፕላን ሞዴል ነፍሱ ቀለሙ ነው። ካሙፍላዥ የሚባለው የመሰወሪያ ቀለም ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ከላይ የምድር መልክ፣ ከታች የሰማይ መልክ። ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ጠላት ከመሬቱ እንዳይለየው፣ ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይም ከሰማዩ እንዳይለየው ነው። ይህንንስ ፍጥረት ቀድሞ ያውቀዋል። ሚዳቋን ይመልከቱ፤ ጀርባዋ የደረቀ ሣር ሲመስል ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ፀሐይ ጀርባዋን ስታበራው ሆዷ ላይ ጥላ ይወድቃል፤ ጀርባዋ ጠቆር፣ ሆዷ ነጣ በማለቱ ግን ብርሃኑና ጥላው ይቻቻሉና ከሩቅ ለሚያይ ሰው አካሏ ጎልቶ አይታይም። ይህን ነገር አስተውሎ ያስረዳው አቦት ታየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ፈረንሳዮችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ሠዓሊዎችን ሰብስበው መድፍና ምሽግ የሚሰውር የጦር ክፍል አቋቁመዋል። እንግዲህ ካሙፍላዥ አባቱ ወታደር፣ እናቱ ሥዕል ናት ቢባል ውሸት አይሆንም።

ከአንባቢዎች መካከል ሊሞክረው የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋምና አቀባቡን ባጭሩ ልንገርዎ። በመጀመሪያ እንጨቱ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ እንቁላል ይለስልስ። ከዚያ ስስ ግራጫ ቀለም ይቀባ፤ ግራጫው የተደበቀውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል። ቀጥሎ ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፣ ጠቆር ያለው ይከተላል፤ ጥቁር ነጭን ይሸፍናል እንጂ ነጭ ጥቁርን በቀላሉ አይሸፍንምና። ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ይሻላል። የሁለቱን ቀለም ድንበር ለማበጀት ከቢሮ የተጣለ ወረቀት በቅርጹ ቆርጬ፣ ከሥሩ ትንሽ ሰም አድርጌ ከእንጨቱ ጥቂት ከፍ አደርገዋለሁ፤ በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅ ጠቅ ሳደርግበት ድንበሩ በመቀስ የተቆረጠ ሳይሆን እንደ ጉም ጫፍ ለስለስ ያለ ይሆናል።

ጀማሪ የሚሠራቸው ስሕተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቀለሙን ከቆርቆሮው እንዳለ መቀባት ነው። በሩቅ ያለ ተራራ ፈዝዞ እንደሚታየን ሁሉ፣ ትንሽ ሞዴልም ከሩቅ እንደሚታይ አይሮፕላን ነውና ቀለሙ ጥቂት ነጭ ጠብ ሊልበት ይገባል። ሁለተኛው ማብረቅረቅ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም አይሮፕላኑን የሕፃን መጫወቻ ያደርገዋል። ሦስተኛው አዲስነት ነው። በጦር ሜዳ የዋለ አይሮፕላን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ጭስ ያጠቁረዋል፣ አቧራ ይለብሳል። እኔ ለጭሱ የከሰል ዱቄት፣ ለአቧራው የጓሯችንን አፈር በወንፊት ነፍቼ እጠቀማለሁ።

ለብሌንሃይሜ የመረጥኩት የእንግሊዝ አየር ኃይል በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ይጠቀምበት የነበረውን የበረሃ ቀለም ነው፤ ከላይ ጠቆር ያለ የአፈር መልክና ቢጫማ የድንጋይ መልክ፣ ከታች ሰማያዊ። ቀለሙን በትክክል ለመቀመም አንድ የኅዳር ከሰዓት በኋላ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ቀብቼ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ ወደ ከተማው ተመለከትኩ። የታጨደው ማሳ፣ የኖራ ድንጋይ ቤቶቻችን፣ የታረሰው ቡናማ አፈር፤ እንጨቱን ወደ ፊት ዘርግቼ አንድ ዓይኔን ብጨፍን ቀለሙ ከምድሩ ጋር አንድ ሆነ። ለሌላ በረሃ የተቀመመው ቀለም የእኛን አገር እንዲህ መምሰሉ በጣም አስደሰተኝ። ያን ደስታዬን ዛሬ ሳስታውሰው ጥቂት ይከነክነኛል።

በጀርባው ላይ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ሆዱን ግን «ማን ያየዋል» ብዬ በአንድ ማታ ሰማያዊ ለቅልቄ ጨረስኩ።

አሁን ወደ አያቴ እንምጣ። እኛ ቤት «ዓደይ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ይጠጋል፤ ዓይናቸው ግን ገና መርፌ ያሾልካል። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት ሞዴሉን ይዤ ገባሁና ከረከቦቱ አጠገብ አኖርኩት።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ወደይ?»

«አዎን፣ ዓደይ።»

በሁለት እጃቸው አነሡት። ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ጀርባውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚመርጥ ሰው ገልብጠው ሆዱን ማየት ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«በዚያኛው በኩል አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ በኩል ግን አውቀዋለሁ። እኛ የምናውቀው ሆዱን ነው። እንዲህም ንጹሕ አልነበረም።»

ብሌንሃይምን የመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ ወያነ የተባለው አመፅ ተነሥቶ፣ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የእንግሊዞችን ርዳታ በጠየቀ ጊዜ፣ ከኤደን የተነሡ ብሌንሃይም ቦምብ ጣዮች መቐለን ደብድበዋል። ቦምቡ የወደቀው በገበያ ላይ ነበረና ሊሸጥና ሊገዛ የመጣ ሰው ሞተ። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ዓደይ በዚያ ገበያ እንደ ነበሩ ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ አላውቅም ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው በርበሬ ሊሸጡ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ዓደይ የሚያስታውሱት ከድምፁ ይልቅ ጥላውን ነው፤ ጥላው በግድግዳ ላይ ወጥቶ በእንስራዎቹ ላይ ሮጦ አለፈ ይላሉ። እናታቸው መጀመሪያ በነጠላቸው ሸፈኗቸው፤ ወዲያው ደግሞ ነጠላውን ገፈው ከበርበሬው ጆንያ ሥር ወተፉት። በጣልያን ጊዜ የዘመተ ወንድማቸው ነጭ ልብስ ከሰማይ እንደሚታይ፣ ዘማቹም ሸማውን በአፈርና በቅጠል ያጠቁር እንደ ነበረ ነግሯቸው ነበርና ነው። ልጅና እናት በዚህ ተርፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አብራቸው የመጣች ጎረቤታቸው ግን አልተመለሰችም።

ዓደይ ይህን ከተናገሩ በኋላ ሞዴሉን መልሰው ሰጡኝና «ለምንድን ነው ያሳመርከው?» አሉኝ።

«እንዲመስል ብዬ ነው።»

«መምሰሉንስ መስሏል» አሉና ቡናቸውን ጠጡ።

ውድ አንባቢ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ካሙፍላዥ የማውቀውን ሁሉ እንደ ገና አሰብኩት። ጣልያን መቐለን በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ሲይዝ፣ ካፕሮኒ የተባሉት ቦምብ ጣዮቹ ብዙዎቹ የመሰወሪያ ቀለም አልነበራቸውም። የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም ተቀብተው፣ እንዲያውም በክንፋቸው አናት ላይ ቀያይ መስመሮች ተሰምረውባቸው ነበር። ይህም በምድረ በዳ ተገደው ቢያርፉ ፈላጊ ጓደኞቻቸው በቀላሉ እንዲያዩአቸው ነው። ከማን ይሸሸጋሉ? ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት አይሮፕላኖች ለውጊያ የታጠቁ አልነበሩም። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች ሲመጡባቸው ግን፣ እነዚያው ካፕሮኒዎች አረንጓዴና ቡናማ ተዥጎርጉረው ታዩ። አይሮፕላኑ ያው ነው፤ ለውጡ ፍርሃት መምጣቱ ነው። በ1928 ዓ.ም. ቀለም መለወጥ ያስፈለገው ሸማ ለባሹ ነበር።

ስለዚህ የመሰወሪያ ቀለም ማለት ማን ማንን ይፈራ እንደ ነበረ የሚናገር ጽሑፍ ነው። እኛ ሞዴል ሠሪዎች የምናነበው ግን ጀርባውን ብቻ ነው፤ አይሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንደ አብራሪ ከላይ ቁልቁል እናየዋለን። ከላይ ሲታይ ሁሉ ነገር ያምራል። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በኢትዮጵያ ላይ በቦምብ ጣይ በርሮ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው ትዝታ፣ ቦምብ የወደቀበት የሰው ጭፍራ ሲበተን እንደሚፈካ አበባ ሆኖ እንደ ታየው አትቷል። ከታች የነበረ ሰው አበባ አላየም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ቃል ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ ያየው ጀርባውን፣ ሌላው ያየው ሆዱን ነው። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ፣ ልክ በዚያው ዕለት በ2013 ዓ.ም. በቶጎጋ ገበያ የነበሩትም ያዩት ሆዱን ነው።

ሞዴሉን ልሰብረው አስቤ ነበር። ነገር ግን ብሰብረው ዓደይ ያዩት ነገር አብሮ የሚሰበር መሰለኝ። ስለዚህ ሆዱን ፍቄ እንደ ገና ጀመርኩ። ሰማያዊውን ነጭ ጨምሬ አፈዘዝኩት። ከሞተሮቹ ኋላ የዘይት እድፍ ወደ ጭራው እንዲጎተት ጥቁር ቀለም በአኳራጃ አቅጥኜ ሳብኩ። ጎማዎቹ በሚነሡበት አካባቢ አፈር ነሰነስኩ። የቦምቡን መዝጊያ በቀጭን ፔኔሎ ሰመርኩ፤ ከጀርባው ላይ ከሠራሁት መስመር ሁሉ ይህ አስቸገረኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። በየማታው ወስጄ ለዓደይ አሳያቸው ነበር፤ እርሳቸውም «እዚህ ጋ ጠቆር ይበል» ይሉኛል። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ምንም ሳይሉ መለሱልኝ፤ ያን ጊዜ ማለቁን አወቅሁ።

እርስዎም የጦር መሣሪያ ሞዴል የሚሠሩ ቢሆን፣ ወይም በመጽሐፍና በሲኒማ ስለ ጦርነት የሚያነቡና የሚያዩ ቢሆን፣ ይህን ያህል እለምንዎታለሁ፦ ከማድነቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ይገልብጡት። ሆዱን ሳይቀቡ ሥራው አለቀ አይበሉ።

አሁን ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የገባ ሰው ሁሉ ሽቅብ አንጋጦ ሆዱን እንዲያየው በክር ከጣራ ላንጠለጥለው ፈልጌ ዓደይን ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ስቀለው» አሉኝ። «ግን እኔ ከምቀመጥበት በላይ አይሁን።»

ስለዚህ ከራሴ አልጋ በላይ ሰቅዬዋለሁ።