የሽሮ ሜዳ ዳገት፣ የሃይብሪድ መኪናና የቤንዚን ነገር

"ሃይብሪድ ለአዲስ አበባ ዳገት አይሆንም" የሚል ሰው በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት አጋጥሞኛል። አንዱ ጎሚስታ ነው፣ አንዱ የመኪና ደላላ፣ አንዷ ደግሞ ሃይብሪድ ገዝታ "በሊትር ከቪትዝ እኩል ነው የምትሄድልኝ" ብላ ልትሸጥ የደረሰች የሥራ ባልደረባዬ ናት። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝም ስለበዛችሁ አንዴ እዚህ ልጻፈውና እንገላገል። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የኔዋ ያሪስ ሃይብሪድ ናት፤ በፈረንጅ 2015 ሞዴል፣ ያገለገለች፣ በአውሮፓ ዞራ የመጣች። እንደምታውቁት በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። ቤንዚኑን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል።

እዚህ ላይ አንድ የሁላችንም ልማድ አለ። ማደያ ስንገባ "የአምስት መቶ ቅዳልኝ" ነው የምንለው። በሊትር አናስብም። ያኔ የ500 ብር ቤንዚን 13 ሊትር ተኩል ነበር፤ በ101 ብር ስሌት 5 ሊትር አይሞላም። ስለዚህ "መኪናዬ ድሮ በ500 ብር ሳምንት ትሄድ ነበር፣ አሁን በሁለት ቀን ትጨርሳለች" የሚለው ስሞታ ግማሹ የመኪናዋ ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ፉል ታስሞላላችሁ፣ ቀጂው ራሱ "ቀጭ" ብሎ ሲቆም ታቆማላችሁ፤ ከዚያ በላይ "ትንሽ ጨምርበት" የለም። የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ታደርጋላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ቀጂ ላይ እንደገና ፉል። የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። የሊትሩ ወረቀት ቢጠፋባችሁም ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ብሩ ስልካችሁ ላይ አለ፤ ለዕለቱ ዋጋ አካፍሉት። አንድ ቅጂ አይበቃም፤ ሦስት አራቱን ደምራችሁ አማካዩን ውሰዱ። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ትንሽ ያቆላምጣል።

የኔዋ መጀመሪያ ስለካት በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ነበረች። ለሌላ መኪና ጥሩ ነው፤ ለሃይብሪድ ግን ያንሳል። አሁን 21 ላይ ናት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ዳገቱን እንይ፤ ጉለሌ ነንና ከዳገት ማምለጥ የለም። እኔ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ አድርጌ ወደ ሜክሲኮ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። በከፍታ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ሰው የጫነች ትንሽ መኪና 1,300 ኪሎ ብትመዝን፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ትፈልጋለች። ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ቢበዛ ሲሶውን ስለሆነ፣ በየ100 ሜትሩ ዳገት ከ1 ሊትር አንድ አስረኛውን ትንሽ አልፎ ይበላል። ማታ ቤቴ ለመግባት ለከፍታው ብቻ ሩብ ሊትር ገደማ እከፍላለሁ ማለት ነው። ይህን የትኛውም መካኒክ አይቀንሰውም። የመሬት ስበት ቅናሽ አያደርግም።

የሃይብሪድ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ታች ስትወርዱ ከከፈላችሁት የተወሰነውን ይመልስላችኋል። ፍሬን በቀስታ ስትረግጡ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ሸራው አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ባትሪውን እየሞላ ነው መኪናዋን የሚያበርደው። በኃይል ስትረግጡ ግን የተለመደው ፍሬን ይገባል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ዋናው ምስጢር ከሩቅ አይቶ፣ ቀደም ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ ማብረድ ነው። ከአሜሪካ ኤምባሲ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ ከፊታችሁ ድንገት ሲቆም ይህ ሁልጊዜ እንደማይሳካ አውቃለሁ። ግን ርቀት መጠበቅ ነጻ ነው።

የሰፈራችን የድሮ ላዳ ሾፌር የነበሩ ጋሼ አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ድረስ አብረውኝ ሲወርዱ፣

"አንቺ ልጅ፣ በፍሪ ልቀቂያት እንጂ! እኔ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ታች ሞተር አጥፍቼ ነበር የምወርደው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይቺ በፍሪ ከሄደች ባትሪዋ አይሞላም" ብዬ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀስት አሳየኋቸው። ማርሹ ዲ ላይ እያለ እግሬን ከቤንዚን ሳነሳ ቀስቱ ከጎማ ወደ ባትሪ ይሄዳል። ትንሽ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣

"እና ፍሬኑ ነው ቤንዚን የሚቀዳልሽ በይኛ!" አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ጋሼ ያሉት ለዘመናቸው ስሌት ነበረው። ላዳዋ በካርቡሬተር ነበር የምትሠራው። አሁን ያሉት በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪኖች ግን፣ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ፣ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከቤንዚን ስታነሱ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቆርጣሉ። በፍሪ ስታደርጓቸው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ። በሃይብሪድ ደግሞ ኤን ላይ ከሆነ ባትሪው ጨርሶ አይሞላም። ይህ ቁልቁለት ላይ ብቻ አይደለም። የማደያ ሰልፍ ላይ ወይም መንገድ ሲዘጋጋ ኤን ላይ አድርጋችሁ ረጅም ከቆማችሁ ባትሪው እየወረደ ይሄዳል። ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ይዞ መቆም ወይም ፒ ማድረግ ይሻላል።

ከቤንዚኑ በላይ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ አለ። ከእንጦጦ ወይም ከሱሉልታ መንገድ በፍሪ የምትወርድ መኪና ያላት ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ አይዝም። የኔዋ ባትሪ ትንሽ ናት፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አትሞላም፣ መኪናዋ የምትጠቀመው ደግሞ ግማሽ ያህሉን እንኳ አይደለም። እንጦጦን ሲወርዱ ገና ታች ሳይደረስ ትሞላለች። ያኔ ሞተሩ በራሱ መጮኽ ይጀምራል። አትደንግጡ፤ ቤንዚን እየጠጣ አይደለም፣ የተረፈውን ጉልበት እያባከነ ነው። ማርሹን ቢ ላይ አድርጉት፤ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሜዳ ላይ ግን ቢ አያስፈልግም፤ እዚያ ያባክናል እንጂ አይቆጥብም።

አሁን ወደ ባትሪው። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ይህ ነው፣ ትልቁን ገንዘብ ሊያስወጣኝ የነበረውም ይኸው ነው።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ኮምፒውተር ሰካ፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ "እህቴ፣ ባትሪዋ አልቃለች፤ ትቀየር" አለኝ። የጠራው ዋጋ ከመቶ ሺህ ብር ያልፍ ነበር። እንዴት አወቅህ ስለው "ሃይብሪድ ሲቆይ እንደዚህ ነው" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። አመስግኜ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ቦታ የሚሠራ አንድ ልጅ ግን ኮፈኑን ሳይነካ የኋላ በሩን ነበር የከፈተው። የዚህች መኪና ትልቁ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የሚቀዘቅዘው ደግሞ በአየር ነው፤ መቀመጫው ሥር ወንፊት አለ፣ ትንሽ ፋን ከመኪናው ውስጥ አየር ትስባለች። ከኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ወንበሩን ሲያስለብሱ ቆዳው ወንፊቱን ሸፍኖታል። ፋኗም በአቧራ ተጠቅጥቃለች። አየር ያጣ ባትሪ ይግላል፤ ሲግል ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳ ብሎ አጠቃቀሙን ይቀንሳል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ወደ ቤንዚን ሞተሩ ይዞራል። ልጁ ልብሱን ቆርጦ አስተካከለ፣ ፋኗን ፈቶ ጠረገ፣ ከዚያ የባትሪውን ክፍሎች ቮልቴጅ አንድ በአንድ እያነበበ ከጭነት ጋር አሳየኝ። ተቀራራቢ ነበሩ። ባትሪዋ ደህና ናት።

ስለዚህ "ባትሪው ሞቷል" ስትባሉ በትሕትና "የትኛው ክፍል? ስንት ቮልት? አሳየኝ" በሉ። በእርግጥ የደከመ ባትሪ አለ፣ አይካድም። ግን ሞቷል የሚል ሰው ሬሳውን ማሳየት አለበት። በበጋ ሰፈራችን አቧራ ነውና ወንፊቱን በየጊዜው እዩት፤ ጋቢም፣ የገበያ ፌስታልም፣ የልጆች ቦርሳም አትደርድሩበት። ፋኗን ራሳችሁ ለመፍታት ግን አትሞክሩ፤ እዚያ ያለው ከመቶ ቮልት በላይ ነው።

የቀረውን በአጭሩ፦

ጎማ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ጎሚስታው በዐይኑ ወይም በእርግጫ እንዲለካ አትፍቀዱ፤ ጌጅ ይጠቀም። ጠዋት ጎማው ሳይግል ይለካ። ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ስለምንሄድ አላይመንትም ይዛባል።

ዘይት። "አሮጌ መኪና ወፍራም ዘይት ይወዳል" የሚል አለ። የዚህች ሞተር ቀጭን ዘይት እንዲጠቀም ነው የተሠራው፤ ወፍራሙ ሞተሩን ያከብደዋል፣ በተለይ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርድ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ተከተሉ።

አጭር ጉዞ። ጠዋት ስትነሱ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሠራል፣ ባትሪ ቢኖርም። ስለዚህ ዳቦ ቤት በመኪና፣ ተመልሶ ቤት፣ ከዚያ እንደገና ሱቅ የሚባለው ነገር ሃይብሪድን ከማንም መኪና እኩል ያደርጋታል። ጉዳዮችን አጠራቅሞ በአንድ ጉዞ መጨረስ፣ ዳቦ ቤቱን ደግሞ በእግር።

ፖርቶመጋላና ኮፈን ውስጥ የተረሳ ሸክም ካለ አውርዱ። ዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

ውጤቱን በብር ላስላው። በወር ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ሱሉልታ እናቴ ጋ። ከ17 ወደ 21 መድረስ በወር 11 ሊትር ማለት ነው፤ በ101 ብር ሒሳብ እንኳ ከ1,100 ብር በላይ። ደመወዝ ባለበት በቆመበት ዘመን ይህ የሱሉልታው ቅዳሜ ራሱ ነው። በፊት "በዚህ ሳምንት ይቅር፣ ቤንዚን የለም" እላት ነበር፤ አሁን ያን ማለት ቀርቷል።

ያቺ ባልደረባዬ እስካሁን መኪናዋን አልሸጠችም። ነገ ከሥራ በኋላ የኋላ ወንበሯን አንስተን ወንፊቱን ልናይ ተቀጣጥረናል። እናንተም ሃይብሪድ ያላችሁ፣ ሰፈራችሁንና በሊትር ስንት እንደምትሄዱ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የዳገት ሰፈርና የሜዳ ሰፈር ልዩነቱን እንየው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ለኩ፣ በግምት አይሆንም። ቸር ያሰማን።