ሁለተኛ ማርሽና የደብረ ታቦር ዳገት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገና ሳይታይ ይሰማል። ሜዳው ላይ ያዜማል፣ ዳገቱን ሲጀምር ያቃስታል፣ ከዚያ ድንገት "ቋ!" ይልና ሞተሩ ለብቻው ይጮኻል፤ ጎማው ግን ከጩኸቱ ምንም አልደረሰውም። ነጂው በእግሩ መልሶ ያስገባታል። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ "ቋ!"። ይህች የዘለለችው ሁለተኛ ማርሽ ናት። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሷ ነው። ቡና የያዘ ስኒውን ይዞ ይከተለኝ፤ ሞተር የሌለውም ባጃጅ መሳፈሩ አይቀርምና አይራቀን።

ለምን ሁለተኛዋ? አንደኛዋ የመነሻ ናት፤ ሦስተኛዋና አራተኛዋ ሜዳ ይወዳሉ። በእኛ አገር ሜዳው ፎገራ ላይ ያልቃል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ትደርሳለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ አየሩ ይሳሳል። በደብረ ታቦር ከፍታ ሞተር የሚስበው አየር ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጃፓን ውስጥ 100 ሲሲ ተብሎ የተሠራው ሞተር ጉና ተራራ ሥር ሲደርስ የ75 ሲሲ ሥራ ቢሠራ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ከኋላ አንድ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ አንድ ኬሻ እህል፣ የገበያ ቀን ከሆነም አንድ በግ አለ። ስለዚህ ነጂው ሦስተኛን ሞክሮ ይተዋታል፣ አንደኛ ታንቀረፍፈዋለች፤ ቀኑን ሁሉ ሁለተኛ ላይ ይውላል። ከአዲስ ዘመን ሽቅብ ወደ ጣራ ገዳም የሚወጣም፣ ወደ እብናት የሚሻገርም ያው ነው።

ቁልቁለቱም አይምራትም። ወደ ወረታ ሲወርዱ ፍሬኑ እንዳይግል ብለው ሁለተኛ ላይ ያስራሉ፤ ይህ ብልህነት ነው፣ አትተዉት። ነገር ግን ሽቅብ ሲሄዱ በአንድ ፊቷ የተበላችው ማርሽ አሁን በሌላ ፊቷ ትበላለች ማለት ነው። ከሁሉ በላይ አንደኛና ሁለተኛ መካከል ባዶ ማርሽ አለ። እግር ረጅም መንገድ መሄድ አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነትም ከሌሎቹ ይሰፋል። ሰነፍ እግር ግማሽ መንገድ ላይ ይተዋታል፤ እሷም በጥርሷ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላ ትሸከማለች። በዓለም ሁሉ አሮጌ ሞተር ሲፈታ ብዙ ጊዜ ቀድማ አልቃ የምትገኘው እሷ ናት። የእኛ ዳገት ነገሩን አባሰው እንጂ አልፈጠረውም።

"አሮጌ" ስል የትኛውን እንደሆነ ልንገራችሁ። አውሮፓ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሲባል ሰው የሚያስበው ሞቶ ጉዚንና ጊሌራን ነው። እኛም ጋ እነዚህ የመጡት ከጣሊያን ጦር ጋር ነበር፤ የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ የመኪና ሰልፍ ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው፤ ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 1934። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሞተር ያለው ሰው ካለ ደስ ይበለው፣ እኔ የማወራው ግን ስለሚሠራው ነው። በደቡብ ጎንደር ገጠር ዘመኑን የቆጠረው ሞተር የግብርናው ሠራተኛ፣ የጤናው ሠራተኛና የፕሮጀክቱ ሠራተኛ የነዱት ያማሃና ሆንዳ ነው። በተለይ ያማሃ ኤጂ 100! ስሙ ላይ ያለው "ኤጂ" ግብርና ማለት ነው፤ ለእርሻ ሥራ ተብሎ ነው የተሠራው። ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሆነ የፎገራ ጥቁር ጭቃ አያገኘውም። እንዲህ ያለ ሞተር መሥሪያ ቤቱ ሲሸጠው አንዱ ይገዛዋል፣ እሱ ለወንድሙ ይሰጠዋል፣ ወንድሙ ለሌላ ይሸጠዋል። ሞተሩ ይኖራል፤ የሚያልቀው ካምቢዮው ነው።

ካምቢዮው ውስጥ ምን እንዳለ ሳናይ ስለ ጥገና ማውራት ሐሜት ይሆናል። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በላያቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰኩ ጥርሳም ጎማዎች አሉ። ብዙ ሰው ማርሽ ሲቀይር ጥርስ ከጥርስ የሚላቀቅ ይመስለዋል። አይላቀቅም። ጥንዶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይዞራሉ፤ ከየጥንዱ አንዱ ግን ዘንጉ ላይ እንዲሁ ይሽከረከራል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ኃይሉ የሚያልፈው ከጎኑ ያለው ማርሽ ተንሸራቶ ሲመጣና ጎኑ ላይ የበቀሉት ጉጦች የዚህኛው ጎድጓዳ ውስጥ ሲገቡ ነው። የሚንሸራተተው በቀጭን ሹካ ተይዞ ነው፤ ሹካውን የሚያዘው ደግሞ የእግራችን መርገጫ።

እንግዲህ ሁለተኛዋ "ዘለለች" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ጥርሷ ደህና ነው። ያለቁት የጎን ጉጦቿ ናቸው። አዲስ ሳሉ ማዕዘናቸው ስል ነበር፤ አሁን ዶልዱሟል። የዶለዶመ ጉጥ ጭነት ሲበዛበት ጓደኛውን መያዙን ትቶ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ዳገት ላይ የሚዘልበት ምክንያት ይኸው ነው። ነጂውም መላ ያገኘ መስሎት እግሩን መርገጫው ላይ ጭኖ ይዟት ይወጣል። ይህ መላ አይደለም። ያ ሁሉ ግፊት የሚያርፈው በቀጭኑ ሹካ ላይ ነው፤ ሹካው ይግላል፣ ሰማያዊ ይመታዋል፣ ይጎብጣል። መጀመሪያ አንድ ዕቃ ነበር የሚቀየረው፣ አሁን ሁለት ሆነ።

እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚሰማ ንግግር አለ።

"ጋሼ፣ ጉጡን እንበይደውና በሞረድ እናስተካክለዋለን።"

"እስከ የት ይወስደኛል?"

"ጋይንት ያደርስዎታል።"

"ከጋይንትስ ማን ይመልሰኛል?"

ጋሼ ልክ ናቸው። የማርሽ ብረት እንደ በር ብረት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ድፎ ዳቦ ውጩ ጠንካራ ቅርፊት፣ ውስጡ ልስልስ ነው። ፋብሪካው ለስላሳውን ብረት ቅርጽ ካስያዘ በኋላ ከ900 ዲግሪ በላይ አግሎ ካርቦን ያጠጣዋል፤ ካርቦኑ ከላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ንጣፍ ድረስ ይሰርጋል። ከዚያ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ይጠነክራል፣ ልቡ ግን ዱላ እንዲችል ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የብየዳ እሳት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። የተበየደው ቦታ አንድም ይለሰልስና ይበላል፣ አንድም ይደርቅና ይሰበራል። የተሰበረው ፍንካች ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ይገባና ቤቱን ራሱን ይሰነጥቀዋል። የካምቢዮና የሞተር ቤቱ አንድ ላይ የተቀረጸ አሉሚኒየም ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ጨዋታው አለቀ።

ይህን ሁሉ የምናወራው የት ተቀምጠን ነው? ጋፋት አጠገብ! ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆልና ጓደኞቻቸው ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያፈሰሱበት ቦታ ነው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ታዲያ አንድ ወዳጄ "ሰባ ኩንታል የተፈሰሰበት አገር መዳፍ የማታክል ማርሽ ያቅተዋል?" ይላል። ያቅተዋል፤ ነውርም የለበትም። መድፉ ነሐስ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፤ ችግሩ ግዝፈቱ ነው። የማርሽ ችግሩ ትንሽነቱ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ከሳተ ይጮኻል፣ ጥንካሬው በአንዱ ጥርስ ከሌላው ከበለጠ ይሰበራል። ደግሞ ቴዎድሮስ ራሳቸው ማርሽ አልነበራቸውም። በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያንን መድፍ በጋይንት አድርገው እስከ መቅደላ ያደረሱት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው፣ መንገዱን ፊት ፊት እያስጠረቡ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ማለት ያ ሁሉ ጉልበት ነው፣ በመዳፍ ልክ ተጠቅልሎ።

የእኛ ቀጥቃጭ ግን ስለ ብረት ማጠንከር ባዳ አይደለም። ማረሻና ማጭድ አግሎ ውሃ ውስጥ የሚነክረው ለምን እንደሆነ ከአባቱ ተምሯል። ብረትን በከሰል ዱቄት ውስጥ ቀብሮ፣ በተደፈነ ሣጥን ለሰዓታት ማጋል የሚባለው ጥንታዊ ዘዴም ከሱ ምድጃ የራቀ አይደለም፤ የጎደለው ሙቀቱን የሚለካበትና ብረቱ ሲጣመም የሚያቀናበት መሣሪያ ነው። ለዚህ ሙያ የሰጠነው ምላሽ ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን እስካሁን ከአንዳንድ አፍ አልወጣም። ይህን እንዲያው በመንገዴ ላይ ነው ያነሣሁት፤ ወደ ካምቢዮው እንመለስ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ምርጫ ጥንዱን መቀየር ነው። ጥንዱን ነው ያልኩት! አዲስ ማርሽ ከአሮጌ ባልንጀራው ጋር ሲገጥም አሮጌው አዲሱን በራሱ ልክ ይበላዋል። አዲስ ካልተገኘ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ ሞተር የወጣ ጥንድ መፈለግ ነው፤ ሲገዙ በጥፍር የጉጡን ማዕዘን መዳሰስ ይበቃል። ጥፍር የሚይዘው ይገዛል፤ ጥፍር የሚያንሸራትተው የሌላ ሰው ችግር ነው፣ እዚያው ይቅር።

ሁለተኛው ምርጫ የዶለዶመውን ጉጥ ማሳል ነው። በሞረድ አይደለም፤ ሞረድ ያንን ቅርፊት አይነካውም። መሞረጃ ድንጋይ ያለው ጥሩ ቶርኖ ቤት የጉጡን ፊት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ጭነት ሲመጣ ጉጦቹ መገፋፋታቸው ቀርቶ ይሳሳባሉ። የእሽቅድምድም ሞተረኞች ይህን በአዲሱም ላይ ያሠራሉ። ችግሩ ሁሉም ጉጦች እኩል መንካት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከነካ ጭነቱን ሁሉ እሱ ይሸከምና ይቆረጣል። ለማወቅ የማኅተም ቀለም ቀብቶ መግጠም ነው፤ ቀለሙ ሁሉም ጋ ከታተመ ተሳክቷል። ከመጠን በላይ ከተሳለ ደግሞ ቅርፊቱ ያልቅና ልስልሱ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ በአንድ ማርሽ ላይ ሁለቴ አይሞከርም።

ሲፈታ ሌሎቹን ትንንሽ ነገሮች መናቅ አያስፈልግም። ሮንዴላዎቹ በወጡበት ተራ በሽቦ ይሰካሉ፤ አንዷ ቦታዋን ከሳተች ማርሹ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ማቆሚያ ቀለበቶቹ ከወጡ አይመለሱም፤ አዲስ ይገባል፣ ስሉ ጠርዝ ግፊቱ ከሚመጣበት ጎን በተቃራኒ ይሆናል። ሹካው መስተዋት ላይ ተኝቶ ይታያል፤ ከጎበጠ ይጣላል እንጂ አይቀጠቀጥም። ኩሺኔታውና የዘይት መያዣው ጎማ ቤቱ ከተከፈተ ወዲያ ባይቀየሩ ስስት ነው።

አንድ ርካሽ ምክር ልጨምር፤ ከዚህ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። የፊተኛዋን የካቴና ጥርስ በአንድ አሳንሱ። 15 ጥርስ ካላት 14 ስታደርጓት ጎማው 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የመግፊያ ጉልበት ያገኛል፤ ሜዳ ላይ ጥቂት ፍጥነት ታጣላችሁ። ፎገራን ለመብረር የቸኮለ ይተወው። ዳገት ለሚኖርበት ሰው ግን ሁለተኛዋን የሚያሳርፍ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

የቀረው ዘይት ነው። ብዙ አሮጌ ካምቢዮ የሞተው በዳገት ሳይሆን በጥማት ነው። እንደ ኤጂ 100 ባለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑ የሚጠጣው ዘይት ሌላ፣ ካምቢዮው የሚዋኝበት ሌላ ነው። ባለቤቱ "ዘይት ሞልቻለሁ" ይላል፤ የሞላው ግን የላይኛውን ነው። የታችኛው ከገዛው ጀምሮ አልተነካም። በባለ አራት ምቶቹ ብዙ ጊዜ አንዱ ዘይት ሞተሩንም ካምቢዮውንም ፍሪሲዮኑንም ያጠጣል፤ ለእነዚህ የመኪና ዘይት መስጠት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጣሳው ላይ "ጃሶ ኤምኤ" የሚል ምልክት ያለውን ፈልጉ።

እንግዲህ ሁለተኛዋ መዝለል ከጀመረች እግራችሁን መርገጫው ላይ ጭናችሁ አትያዟት። ከሚቀጥለው ዳገት በፊት የታችኛውን ዘይት በንጹሕ ሳህን አፍስሱ። እንደ ቀለም የላመ ጥቁር ዝቃጭ ካያችሁ አዲስ ዘይት ሙሉና ንዱ፤ ጣት የሚይዘው የብረት ፍንካች ካያችሁ ግን ሞተሩን እዚያው አቁሙትና መካኒክ ጥሩ።