ስለ መካከለኛው ቀን

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፥ በኦስትሪያ አገር በኢንስብሩክ ከተማ የምትማረው የእኅቴ ልጅ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፥ እኔ ፈሪ ነኝ ወይ?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ጓደኞቿ በስኪ እየተንሸራተቱ፥ ከተጠረገውና ከሚጠበቀው መንገድ ወጥተው፥ ማንም ባልረገጠው የተራራ ጎን ለመውረድ ተሰናድተው ነበር። እርሷም ሁለት የብርድ ወራት ተምራ ስለ ነበር አብራ ለመሄድ ዕቃዋን አዘጋጅታ አድራለች። ነገር ግን በዚያን ዕለት ስለ በረዶው ጠባይ የወጣውን ማስታወቂያ ካነበበች በኋላ «እኔ እቀራለሁ» አለች። ጓደኞቿ ሄዱ፤ ማታም በደኅና ተመልሰው በራት ላይ ሳቁባት።

እኔም ያን ጊዜ «ፈሪ አይደለሽም፥ ልጄ» ብዬ በቀላል ቃል አሰናበትኋት። ይሁን እንጂ መልሴ ከአፌ እንጂ ከልቤ አለመውጣቱን ራሴ ዐወቅሁት። እውነተኛውን መልስ ለመስጠት ከአርባ ዓመት በላይ የሸሸግሁትን ነገር መግለጥ ስለሚያስፈልግ አፈርሁ። አሁን ግን ዕድሜዬም ገፍቷልና እጽፈዋለሁ፤ ለእርሷም ለአንባቢም ይሁን።

በፍኖተ ሰላም የሚኖር ሰው ስለ በረዶ ልጻፍ ቢል ሳያስቅ አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ ዙሪያዋን በቆሎና በርበሬ የሚበቅልባት ወይና ደጋ ናት። እኛ በረዶን የምናውቀው በክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ዳሩ ግን በስተ ምሥራቅ፥ ከደጋ ዳሞት ባሻገር፥ ጮቄ 4,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፥ እኛ በሸሚዝ በምንውልበት ሰዓት የጮቄ ሰው ከእኛ 14 ዲግሪ ያህል በሚበልጥ ብርድ ውስጥ ይውላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደ ሆነ ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ሁሉ ወደ ላይ ትለቃለችና ውርጭ ይወርዳል፤ ኵሬውም በላዩ እንደ መስተዋት ይጋገራል። በበልግና በክረምት ደግሞ ጧት ብራ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቍርና መብረቅና በረዶ ያወርዳል።

አገራችን ከበረዶ ጋር የተዋወቀችውም ዛሬ አይደለም። አንድ የጥንት የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ወደብ በግሪክ ቋንቋ ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ በሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ አስታውቋል። ይህንንም ጽሑፍ በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል መንገደኛ ገልብጦ አቈየልን። የግዕዝ ሊቃውንትም እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረድ፥ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን ሐመዳ፥ ረግቶ የሚጠነክረውን አስሐትያ እያሉ ለይተው ጠርተውታል። እኛ ግን በዕለት ንግግራችን ሁሉንም «በረዶ» ብለን እንገላገላለን። በቅርቡም ዘመን፥ በ1998 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በጣልያን በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የበረዶ ኦሊምፒክ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ተካፍሏል። ይህም የሚያስረዳን የበረዶ ዕውቀት በትምህርት እንጂ በትውልድ የሚወረስ አለመሆኑን ነው። የቆላ ልጅ ቢማረው ያውቀዋል፤ የደጋም ልጅ ቢንቀው ይጠፋበታል።

እንግዲህ የእኅቴን ልጅ ያስቀራት ማስታወቂያ ምን እንደ ሆነ ልንገርህ። በአልፕስ ተራሮች የሚወርደው በረዶ አንድ ወጥ ሆኖ አይከመርም። እንደ ተነባበረ ምንጣፍ፥ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይተኛል። ከሥር ያለው ንጣፍ ልል ከሆነ፥ ነፋስ አምጥቶ የከመረበት አዲሱ በረዶ በላዩ ተንጠልጥሎ ይቈያል። ዐይን ሲያየው ሜዳ ይመስላል፤ ሰው ሲረግጠው ግን ተሰንጥቆ ናዳ ይሆናል። ይህም የሚሆነው በብዛት 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ቁልቁለት ነው። በናዳው የተቀበረ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልተገኘ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። በብርድ ረግቶ የቆመውን ፏፏቴ በብረት ጥርስ ጫማና በሁለት መጥረቢያ የሚወጡትም ሰዎች እንዲሁ ይጠነቀቃሉ፤ ብርዱ ከመጠን ሲያልፍ በረዶው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፥ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ከዐለቱ ይላቀቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፥ ፀሐይ ሳይበረታ ሥራቸውን ለመፈጸም ይጣደፋሉ።

የዚያ አገር ሊቃውንት በብርድ ወራት በየቀኑ ተራራውን እየመረመሩ አደጋውን ከ1 እስከ 5 በቍጥር ያስታውቃሉ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1993 ጀምሮም የአውሮፓ አገሮች በአንድ መለኪያ ተስማምተውበታል። 1 ጥቂት አደጋ ነው፤ 5 እጅግ ታላቅ አደጋ ነው። አሁን አንባቢ ሆይ፥ ብዙ ሰው የሚሞተው በየትኛው ቍጥር ይመስልሃል? እኔ በ5 ነው ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በስዊስ አገር በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በ3ኛው ቍጥር ቀን ነው። በ5ኛው ቀን መንገዱ ይዘጋል፥ ሰውም ቤቱን ይዘጋል። በመካከለኛው ቀን ግን አደጋው ለመግደል ይበቃል፥ ሰውን ለማስፈራት ግን አይበቃም። የእኅቴ ልጅ ያነበበችው ቍጥር 3 ነበር። ይህን በነገረችኝ ጊዜ ጮቄ ትዝ አለኝ።

በ1976 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። የ23 ዓመት ጐልማሳ ነበርሁ፤ በቡሬ ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከደመወዜ ከቡሬ ገበያ የገዛኋት የእጅ ሰዓት ነበረችኝና በየደቂቃው እጄን አነሣ ነበር። ከጮቄ ማዶ የሚኖር አጎቴ ዐርፎ ስለ ነበር፥ ለተዝካሩ ለመድረስ የ14 ዓመቱን የአክስቴን ልጅ አስከትዬ በደጋ ዳሞት በኩል በእግር ወጣሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነውና ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ከገብሱ ማሳና ከድንቹ እርሻ በላይ፥ በመጨረሻው መንደር፥ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ከጓሳ ሣር ገመድ ሲገምድ አገኘነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሰማዩን አይቶ «ልጆቼ፥ ዛሬ ከኔ እደሩና ነገ በጧት ትሄዳላችሁ» አለን። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ግማሹ ብራ ነው፥ ግማሹ ደመና ነው። «አባባ፥ ይህ ምን የሚያስፈራ ሰማይ ነው?» አልሁት። እርሱም «ክፉም አይደለም፥ ደግም አይደለም። እኔም የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ነው። አፋፉን ለመሻገር የሦስት ሰዓት መንገድ ቀርቶናል። አመስግኜ መንገዴን ቀጠልሁ። የአክስቴ ልጅ የሽማግሌውን በር አየ፤ ከዚያም እኔን አየ፤ ተከተለኝ። እርሱ ታናሽ ነውና ምርጫ አልነበረውም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጐድጓዱ ጀመረ። በመጀመሪያ የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ወረደ፤ ቀጥሎ ውሽንፍር የቀላቀለ ዝናም መጣ፤ ከዚያም በረዶው ተመልሶ በረታ። ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆነና መንገዱ ጠፋ። ጅባራው በጉሙ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው እየመሰለን ወደ እርሱ ስንሄድ ከመንገድ ወጣን። የልጁ እግር ባዶ ነው፥ ሸማውም በውሃ ርሶ ከገላው ተጣብቋል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብዙ ተንቀጠቀጠ፤ በኋላ ግን መንቀጥቀጡ ቆመ። ከአንድ ዐለት ሥር ተቀምጦም ኰልተፍ ባለ አፍ «አያ፥ አሁን ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ልተኛ» አለኝ። እኔም ሞቀው ብዬ ደስ አለኝ! መንቀጥቀጥ ሲቆም ሰውነት ለብርዱ መሸነፉ እንደ ሆነ የተማርሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን አስተማሪው እኔ፥ ባለ ሰዓቱ እኔ፥ ልጁ ሲሞት አጠገቡ ቆሜ «ዕረፍ» እለው ነበር።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ደበሎ ለብሶ፥ ሌላ ደበሎ በትከሻው ይዞ ነበር። አንዲት ቃል ሳይናገረኝ የልጁን እርጥብ ሸማ ገፈፈ፤ በደረቁ ደበሎ ጠቅልሎም ከደረቱ ጋር አጣበቀው። እንቅልፍ እንዳይወስደው ስሙን እየጠራ ወደ አንድ ዋሻ አስገባን። ልጁ እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ተመስገን» አለና የገብስ ቆሎ ከእጁ መዳፍ አበላው። በረዶው ሲያባራ በጨለማ ወደ ቤቱ መለሰን፤ ሚስቱም እሳት አንድዳ ጠበቀችን። በማግሥቱ ገንዘብ ብሰጠው «እንግዳ ከፍሎ ያድራል እንዴ?» ብሎ እምቢ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለመጻፍ ነው የምቸገረው። ወደ ቡሬ ተመልሼ በመምህራን ጓደኞቼ መካከል «ጮቄን በበረዶ ውስጥ አቋረጥሁት» እያልሁ አወራሁ። ሽማግሌውን በወሬዬ ውስጥ አላገባሁትም። ዓመት ካለፈ በኋላ የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «አያ፥ በዚያን ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ተኝቼ ሳለሁ ሚስትየው ስትናገር ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ደመናው ሲለወጥ አይቶ ከኋላችን ሲሮጥ በጎቹን ከሜዳ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። ሦስት ግልገሎች በበረዶ ሞቱበት። ለአንተ እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር።»

ገንዘብ አጠራቅሜ፥ ቡናና ጨው ይዤ፥ ወደዚያ መንደር በታኅሣሥ ወጣሁ። ቡናውንና ጨውን ለሚስቱ ተቀበለ፤ ገንዘቡን መለሰልኝ። «ግልገሎቹን የገደለው በረዶ ነው፤ በረዶ ያጠፋውን ሰው አይከፍልም» አለኝ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ግን «ያን ቀን ብታድሩ ኖሮ ግልገሎቹም ባደሩ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ስመለከተው፥ ሰው በመካከለኛው ቀን የሚጠፋው በተራራ ላይ ብቻ አይደለም። ታላቅ ዕዳን ሁሉም ይሸሻል፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን «በሚመጣው ወር እከፍለዋለሁ» እየተባለ የሚወሰደው መጠነኛ ዕዳ ነው። የሚያቃጥል ንዳድ የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ይሮጣል፤ ቀላል ሳል የያዘው ግን ዓመት ይቈያል። ግልጥ የሆነ ክፉ ነገር ራሱ ይመክረናል። ክፉም ደግም ያልሆነው ነገር ግን የሚመክረው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ እኛም መካሪውን የምንንቀው በዚያው ቀን ነው። ደግሞም በሰላም መመለስ ራሱ መጥፎ መምህር ይሆናል። አንድ ጊዜ ዕድል ያወጣው ሰው ጥበብ ያወጣው ይመስለውና፥ በሁለተኛው ጊዜ ሌላውን አስከትሎ ይሄዳል። እኔም ሽማግሌው ባይደርስልን ኖሮ የምነግረው ወሬ አይኖረኝም ነበር፤ ስለ ደረሰልን ግን ውርደቴን ጀግንነት አድርጌ አወራሁት።

እንግዲህ፥ ልጄ፥ መልሴ ይህ ነው። ፈሪ አይደለሽም። ጓደኞችሽ በደኅና መመለሳቸው አንቺን ስሕተተኛ አያደርግሽም፤ በረዶው በዚያን ቀን አልተሰነጠቀም ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ። «እኔ እቀራለሁ» ስትዪ፥ «እናንተም ቅሩ» ብለሻቸው ነበርን? የጮቄው ሽማግሌ ያስተማረኝ በቤት መቅረትን ብቻ አይደለም። እርሱ አስቀድሞ «እደሩ» አለ፤ እኛ ባንሰማው ጊዜ ደግሞ በፈራው ቀን፥ ወደ ፈራው ተራራ፥ ደረቅ ደበሎ በትከሻው ይዞ ወጣ። መንገዱን ያውቃል፥ ዋሻውን ያውቃል፥ የሚያስፈልገውን ይዟል። የሚፈራውን ለይቶ ያወቀ ሰው ለሌላው መድረስ ይችላል፤ እኔ ግን ምንም ባለመፍራቴ ለአንድ ሕፃን እንኳ አልጠቀምሁም።

ሽማግሌው ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኔ ግን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ግማሹ ብራ፥ ግማሹ ደመና ሲሆን ወደ ምሥራቅ እመለከታለሁ፤ በዚያም ሰዓት አንድ መንገደኛ በበሬ ሲያልፍ ካየሁ፥ ቢስቅብኝም እንኳ፥ «እደር» ሳልለው አላሳልፈውም።